ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፤ አብራሪና የአብራሪዎች አስተማሪ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ የሐይቅን ከተማና ስሟን ያገኘችበትን ውኃ ያያል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ብዙ ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዚሁ ውኃ ዘንድ ነው። ከዚያ ወዲያ የአምባሰል ተራራና ገደል ይቀጥላል፤ በ1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ውል የተፈረመበት ውጫሌም በዚያው አገር ይገኛል። ሐይቅና አምባሰል በትምህርት፣ በታሪክና በዜማ ስማቸው የታወቀ ነው። በበረራ ታሪክ ግን እምብዛም አይነሡም። ሆኖም በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ሰሜኑ ግንባር የሚወስደው ሰማይ፣ ገና በእግሩ ያልቆመው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከተፈተነባቸው መስመሮች አንዱ ነበር። በዚያ የፈተና ጊዜ አየር ኃይሉን ያዘዙት ጥቁር አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ናቸው።

የኮሎኔሉ ሕይወት ዘወትር የሚነገረው እንደ ጀግንነት ታሪክ ነው፤ ይህም የሚገባቸው ነው። ለበረራ ሙያተኛ ግን ከጀግንነቱ ሌላ የሚያስተምረው ቁም ነገር አለ። ይኸውም የአብራሪነት ትምህርት ምን ያህል ሊፋጠን ይችላል፣ በምን ላይ ቢፋጠን ይጠቅማል፣ በምንስ ላይ ቢፋጠን ይጎዳል የሚለው ነው። ሮቢንሰን ራሳቸው ሙያውን እጅግ በረዘመና በተጣመመ መንገድ ተማሩ፤ ሌሎችን ግን እጅግ በተጣደፈ ጊዜ እንዲያስተምሩ ሁለት ጊዜ ተጠሩ። በሕይወታቸው ውስጥ ዘገምተኛው ትምህርትና ጥድፊያው ጎን ለጎን ስለሚታዩ፣ ጥያቄውን በእርሳቸው ታሪክ መመርመር ይቻላል።

ሮቢንሰን የተወለዱት በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ካራቤል በምትባል ከተማ ነው። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ እናታቸው ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሚሲሲፒ ግዛት ወደ ገልፍፖርት ሄዱ፤ በዚያም አንድ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ አግብተው ቤተ ሰቡን አሳደጉ። ልጁ አውሮፕላን በገልፍፖርት የባሕር ዳርቻ ሲያርፍ አይቶ ልቡ በዚያው እንደ ቀረ ይተረካል። ነገር ግን በዚያን ዘመን በደቡብ አሜሪካ ለጥቁር ልጅ አብራሪ መሆን በሐሳብ እንኳ የሚፈቀድ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሊገኝ የሚችለውን ሙያ ያዙ። አላባማ በሚገኘው የተስኪጊ የትምህርት ተቋም ገብተው የአውቶሞቢል መካኒክነት ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ሰሜን ተጓዙ፤ በመጨረሻም በቺካጎ ከተማ የመኪና ጥገና ሥራ ጀመሩ።

በቺካጎ ከርቲስ ራይት የተባለ ታላቅ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር። ሮቢንሰን ለመግባት ጠየቁ፤ ጥቁር በመሆናቸው ተከለከሉ። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር የሰውዬውን ጠባይ በሚገባ ያሳያል። በዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሥራ ያዙና መጥረጊያ ይዘው ወደ ተከለከሉት ክፍል ገቡ። መምህሩ ሲያስተምር ቀስ እያሉ ይጠርጋሉ፣ ያዳምጣሉ፤ ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ በሰሌዳው ላይ የቀረውን ይገለብጣሉ። የሰሙትን ደግሞ ኮርኔሊየስ ኮፊ ለተባለው የመካኒክነት ጓደኛቸው ያካፍሉ ነበር። ከዚያም ሁለቱና ባልንጀሮቻቸው ተረዳድተው የሞተር ብስክሌት ሞተር የተገጠመለት አንድ ትንሽ አውሮፕላን በእጃቸው ሠሩ። አውሮፕላኑ መብረሩን ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ ካየ በኋላ በሩ ተከፈተላቸው። ሮቢንሰንና ኮፊ እ.ኤ.አ. በ1931 ትምህርታቸውን ፈጽመው ተመረቁ፤ ከእነርሱም በኋላ ሌሎች ጥቁር ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ እንዲገቡ ሆነ።

ከዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ነገር አለ። ሮቢንሰን የበረራ ፈቃዳቸውን በያዙ ጊዜ ሞተር ፈትቶ መግጠም፣ የክንፍ አጥንት መሥራትና ሸራ መወጠር የሚችሉ ሙያተኛ ነበሩ። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ደንብ መሠረት ተሳፋሪ ጭኖ ለመብረር የሚያበቃው ከፍተኛው ፈቃድ 200 የበረራ ሰዓት ይጠይቅ ነበር፤ ሮቢንሰን ወደዚያ የደረሱት ግን ከሰዓቱ በፊት ብዙ ዓመታት በሞተር ሥር ተኝተው ነው። ይህ መሠረት በኋላ ዘመን አዲስ ዓይነት አውሮፕላን በቀረበላቸው ቁጥር በአጭር ጊዜ እንዲለምዱት አስችሏቸዋል።

ተመርቀው ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከኮፊና ከሌሎች ጋር ቻሌንጀር የተባለ የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ነባሮቹ የአውሮፕላን ሜዳዎች ስላልተቀበሏቸውም በቺካጎ አቅራቢያ ጥቁሮች በሚያስተዳድሯት ሮቢንስ በተባለች ትንሽ ከተማ ዛፍ ቆርጠውና ድንጋይ ለቅመው የራሳቸውን ማረፊያ ሜዳ ሠሩ። ብዙ ሳይቆይ ዐውሎ ነፋስ መጠለያውን አፈረሰው፤ እነርሱም ወደ ሌላ ሜዳ ተዛውረው ማስተማሩን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ ሮቢንሰን በአውሮፕላን ወደ ተስኪጊ ሄደው፣ የተማሩበት ተቋም የበረራ ትምህርት እንዲከፍት አሳሰቡ። ሐሳቡ ወዲያው ሥራ ላይ ባይውልም ዘሩ ተዘርቶ ነበር።

በኢትዮጵያ ደግሞ አቪዬሽን የጀመረው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ፣ አዲስ አበባ ላይ ያረፈው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ነበር። በፈረንሳውያን መምህራን እጅ ሥልጠና ተጀመረ፤ በጅጅጋም የበረራ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ይሁን እንጂ አውሮፕላኖቹ ጥቂቶች፣ ልዩ ልዩ ዓይነትና ከየአገሩ የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ፖቴዝ፣ ዩንከርስ፣ ፋርማንና ፎከር ጎን ለጎን ቆመው ይታዩ ነበር። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱ ጠባይም የሌላው አይደለም። አብራሪ አንዱን ቢያውቅ ሌላውን እንደገና መልመድ ነበረበት።

የኢጣሊያ ወረራ እየቀረበ በሄደ ጊዜ፣ በዚያን ወቅት በአሜሪካ ሆዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ የነበሩት መላኩ በያን ኢትዮጵያን ሊረዱ የሚችሉ ጥቁር ሙያተኞችን ይፈልጉ ነበር። የሮቢንሰን ስም ቀረበላቸው። ሮቢንሰንም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ጥሪ ተቀብለው በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በመጀመሪያ ወጣቶችን ማሠልጠንና አውሮፕላኖችን መፈተሽ ሥራቸው ሆነ፤ በነሐሴ ወር ደግሞ በኮሎኔልነት ማዕርግ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነው ተሾሙ። ከመጡበት ቀን አንሥቶ ጦርነቱ እስከ ጀመረበት ቀን ያለው ጊዜ አምስት ወር አይሞላም።

አምስት ወር ለአብራሪነት ትምህርት ምን ያህል ነው? በሰላም ጊዜ፣ በቂ አውሮፕላንና በቂ መምህር ባለበት አገር፣ ጤናማ ወጣት በዚህ ጊዜ ውስጥ ብቻውን ለመብረርና ለመጀመሪያው ፈቃድ ሊበቃ ይችላል። የጦር አብራሪ ግን አይሆንም። ሮቢንሰን የተረከቡት ሁለት ደርዘን የማይሞሉ አውሮፕላኖች ናቸው፤ ከእነርሱም መብረር የሚችሉት ከፊሎቹ ብቻ ነበሩ፤ ለአየር ውጊያ የተዘጋጀ አንድም አልነበረም። በተቃራኒው ወገን የተሰለፉት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። በዚህ ሁኔታ ተማሪን በጥድፊያ አሠልጥኖ ወደ ውጊያ መስደድ ሰውንም አውሮፕላንንም በከንቱ ማጥፋት ነበር። ስለዚህ አየር ኃይሉ የተሰማራው በሚችለው ሥራ ላይ ነው። መልእክት ማድረስ፣ መድኃኒትና ሰው ማጓጓዝ፣ የጠላትን እንቅስቃሴ ከሩቅ አይቶ መመለስ የዕለት ተግባሩ ሆነ። አደገኛውን የግንባር በረራ ኮሎኔሉ ራሳቸው ደጋግመው ወሰዱት።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ዐድዋን በቦምብ ሲደበድቡ ሮቢንሰን በከተማይቱ ነበሩ። ያዩትን ይዘው ወደ አዲስ አበባ በረሩ። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር ወር ጠቅላይ ሠፈራቸውን ወደ ደሴ ሲያዛውሩ፣ የአዲስ አበባና የደሴ መስመር የአየር ኃይሉ ዋና መንገድ ሆነ። በቀጥታ የአየር መስመር 250 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ይህ ርቀት በእግርና በበቅሎ ብዙ ቀን የሚፈጅ ሲሆን፣ በዚያን ዘመን አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ራሷ ተደበደበች፤ አሜሪካውያን ሐኪሞች የሚሠሩበት ሆስፒታልም ከተመቱት አንዱ ነበር። ከደሴ ወደ ሰሜን በሐይቅ፣ በአምባሰልና በወልድያ በኩል ወደ ቆረም የሚወስደው መንገድ ወደ ግንባር በሚዘምተው ሠራዊት ተሞላ። በየካቲትም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ቆረም ተጓዙ።

የዚህን አገር የበረራ ጠባይ የሚያውቅ ሙያተኛ የፈተናውን ክብደት ለመገመት አይቸገርም። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ በመደበኛ ስሌት እፍጋቱ በባሕር ወለል ካለው አየር 78 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉ የሚደገፍበት አየር ይሳሳል፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት የሚንደረደርበት ርቀት ይረዝማል። ፀሐይ ሲጠነክር ደግሞ ይህ ሁሉ ይብሳል። የአምባሰል ገደሎች ነፋሱን ወደ ላይና ወደ ታች ይመልሱታል፤ ደመናው በድንገት ተራራውን ይሸፍናል። አውሮፕላኖቹ የሬዲዮ መሪ አልነበራቸውም፤ የአየር ጠባይ የሚያስታውቅ ጣቢያም አልነበረም። እንዲህ ባለው በረራ አብራሪ የሚመራው በምድሩ ምልክት ነው። ከተራሮቹ መካከል እንደ መስተዋት የሚያበራው የሐይቅ ውኃ ከሩቅ ከሚታዩት ምልክቶች ጎልቶ የሚገኝ ነው። እንደነዚህ ያሉትን ምልክቶች በሰዓትና በአቅጣጫ አዛምዶ ማንበብ፣ ሞተሩ የሚያሰማውን ትንሽ ለውጥ በጆሮ ለይቶ ማወቅ፣ መቼ እንደሚመለሱ መወሰን በጥቂት ሳምንት የሚገኝ ችሎታ አይደለም። ሮቢንሰን ግን የቺካጎ ሜዳ አብራሪ ሆነው ሳሉ ይህን ሁሉ በሰማዩ ላይ ተምረው ሊሠሩበት ቻሉ፤ ምክንያቱም አዲሱን ነገር የሚጨምሩበት መሠረት ስለ ነበራቸው ነው። በዚያን ወቅት የነበሩ ጋዜጦች በበረራ ላይ ሳሉ በጠላት አውሮፕላኖች መሳደዳቸውንና መቁሰላቸውን ዘግበዋል።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት በሽንፈት ተፈጸመ። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቁ። ሮቢንሰን ከመዲናይቱ መውደቅ ቀደም ብለው ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በኒው ዮርክና በቺካጎ ሕዝቡ በታላቅ ክብር ተቀበላቸው፤ ጋዜጦችም ቡናማው ኮንዶር ብለው በአንድ ታላቅ አሞራ ስም ጠሯቸው። እርሳቸው ግን ወደ ማስተማር ተመለሱ። በቺካጎ በስማቸው የተጠራ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣም ለአሜሪካ አየር ጦር መካኒኮችን አሠለጠኑ።

ያ ጦርነት የአብራሪነትን ትምህርት በዓለም ሁሉ አጣደፈው። ሮቢንሰን ያሳሰቡት የተስኪጊ ሥልጠናም በዚያን ጊዜ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1941 በመጀመሪያው ክፍል 13 ተማሪዎች ገቡ፤ ስምንት ወር ያህል ቆይቶ በመጋቢት 1942 ክንፋቸውን የተቀበሉት 5 ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ሊጤን የሚገባው ነው። ጦርነቱ አብራሪ በብርቱ ይፈልግ ነበር፤ ሆኖም ጊዜው ባጠረ ቁጥር ማጣሪያው አልላላም። ከዚያ ክፍልና ከተከታዮቹ የወጡት ጥቁር አብራሪዎች በአውሮፓ ሰማይ ስማቸውን አስጠሩ። ዛሬ ሮቢንሰን የእነዚያ አብራሪዎች አባት እየተባሉ የሚነሡትም በ1934ቱ ጥሪያቸው ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያ ነፃነቷን ካገኘች በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ኮሎኔሉን እንደገና ጠራቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን አስተማሪዎችና መካኒኮች አስከትለው ተመለሱ። ከጦርነቱ በፊት የተጀመረው ሁሉ ጠፍቶ ስለ ነበር ሥራው እንደገና ከፊደል ተጀመረ። አውሮፕላኑ ጥቂት፣ መሣሪያው ያነሰ፣ ተማሪው ግን ትጉህ ነበር። በዚህ ጊዜ የሠለጠኑት ወጣቶች ከጦርነቱ በኋላ ለተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር ኃይል መነሻ ሆኑ። ከዚያም የስዊድን መምህራን በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት መጥተው የአየር ኃይሉን ሥልጠና በቢሾፍቱ በሰፊው ያዙት። በሁለቱ ሰዎች መካከል ጠብ ተነሥቶ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1947 ገደማ ከአየር ኃይሉ ሥራ ተለዩ። አገሪቱን ግን አልተለዩም፤ በአዲስ አበባ ኖሩ፣ መብረርንም አልተዉም።

በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ለሕክምና የሚሆን ደም ለማድረስ ከአንድ ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ጋር በትንሽ አውሮፕላን ተነሡ። አውሮፕላኑ በአዲስ አበባ ወድቆ ተቃጠለ። መሐንዲሱ ሞቱ፤ ኮሎኔሉም ከቃጠሎው የተነሣ ሁለት ሳምንት ያህል ታመው በዚያው ወር ዐረፉ፤ በአዲስ አበባም ተቀበሩ። ቀድሞ ሊወጉት በተነሡት አገር ሰው አጠገብ ተቀምጠው፣ ሌላውን ለማዳን ሲጓዙ መሞታቸው የሕይወታቸውን ፍጻሜ የተለየ ያደርገዋል።

ዛሬ የተፋጠነ የአብራሪነት ሥልጠና በዓለም ላይ የተለመደ ሆኗል። ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን የሚያበር ሰው ባለ ሁለት ሞተሩን ለመጨመር በጥቂት ቀናት ኮርስ ሊበቃ ይችላል። በአሜሪካ ደንብ የመጀመሪያው የግል አብራሪ ፈቃድ በመደበኛው መንገድ ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ሲጠይቅ፣ ለእንዲህ ያለው ጭማሪ ግን የተወሰነ የሰዓት ወለል የለም፤ የመምህሩ ማረጋገጫና የበረራ ፈተናው ይበቃል። ይህ ልዩነት የዘፈቀደ አይደለም። ጭማሪ የሚያጥረው ከሥሩ ረጅም ነገር ስላለ ነው። ያው አጭር ጊዜ መሠረት ለሌለው ሰው ቢሰጥ፣ ፈተናውን የሚያልፍ፣ ነገር ግን ሞተሩ በተራራ መካከል ሲታመም ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ አብራሪ ይወጣል። ሥልጠና ውድ በሆነበትና ወጣቱ ቶሎ ሥራ ለመያዝ በሚቸኩልበት ዘመን ይህን መርሳት ቀላል ነው። ዋጋው ግን የሚከፈለው በመማሪያ ክፍል ውስጥ አይደለም።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የቆየ ሥርዓት ንባብ ያልጨረሰ ዜማ ቤት፣ መሠረቱን ያልያዘም ቅኔ ቤት አይቸኩልም። አንዱን በሚገባ የያዘ ተማሪ ግን ወደ ሌላው ጉባኤ ሲሻገር ከፊደል አይጀምርም፤ የያዘውን ይዞ ይገባል፤ ቶሎም ይጨምራል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ ዳር ደቀ መዛሙርት ካፈሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በዚያው አገር ሰማይ የበረሩት ሮቢንሰን፣ ከመጥረጊያና ከመፍቻ ጀምረው ወደ አዛዥነት የደረሱት በዚህ ዓይነት ቅደም ተከተል ነው። ለተማሪዎቻቸው አምስት ወር ብቻ በነበራቸው ጊዜ ያልበሰለውን ወደ ውጊያ አልሰደዱም፤ ከጦርነቱ በኋላ ጊዜ በተገኘ ጊዜ ደግሞ ከፊደል ጀመሩ። የበረራ መምህራን ከኮሎኔሉ ሕይወት የሚወርሱት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ተማሪው ምን ይዞ እንደ መጣ ሳይመረምሩ ምን ያህል ሊጣደፍ እንደሚችል አይወሰንም።